የቶቡ ወረፋ

ዓርብ

ካሜራውን በፌስታል ነው ይዤ የወጣሁት። ከላይ ቲማቲም አድርጌበት። ትናንት ሰልፍ ስለነበረ መንገዱ ሁሉ ወታደር ነው፤ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ሊያልቅ የደረሰ ሐበሻ የኮሌጅ ካሜራ ይዛ ቢያገኟት ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። የክፍሌ ልጆች አስለቃሽ ጭስ መሃል ገብተው ያነሳሉ። እኔ ቲማቲም ተሸክሜ በጓሮ እዞራለሁ። የፎቶ ጋዜጠኛ ተብዬ!

የተሰጠን ሥራ፦ አንድ ቦታ፣ አንድ ቀን። ባለፈው ሳምንት መምህራችን ኡስታዝ ጣሪቅን "እኔ የውጭ ዜጋ ነኝ፣ ሰልፍ ውስጥ መግባት አልችልም" ብዬ ስነጫነጭበት፣ "እኔ የማልገባበት፣ አንቺ ግን የምትገቢበት ቤት የለም?" አለኝ። አለ። እዚሁ ካርቱም፣ ደይም ሰፈር፣ ከኛ በር ትንሽ አለፍ ብሎ። የዓርብ ቤት።

የዓርብ ቤት የምንለው ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ባሉት ቪላዎች እያደሩ የሚሠሩ የወሎ ሴቶች አዋጥተው የተከራዩት ክፍል ነው። ሳምንቱን ሙሉ ተቆልፎ ይከርማል። ዓርብ ይከፈታል፤ ይተኛሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ይኳረፋሉ፣ በመጨረሻ ፎቶ ይነሳሉ። ፍራሹ ይነሳና አረንጓዴው ግድግዳ ይጸዳል፣ ከጎረቤት ባለ ከፈፍ ወንበር ይመጣል። ከዚያ ቶቡ ይወጣል። ወርቃማ ጥልፍ ያለው ሰማያዊ ቶብ ነው፤ የአንዷ ነው፣ የሁሉም ነው። የሱዳን ሴት የምትጠመጠመውን ያህል አሳምረው ይጠመጠሙታል። አንዷ ተነስታ ስትጨርስ ለሌላዋ ታወልቃለች። ወርቅ መሳዩም ሐብል እንዲሁ። ፎቶው በኢሞ ወደ አገር ቤት ይላካል። ሕግም አላቸው፦ ከአንድ ቀበሌ የመጡ በአንድ ቶብ አይነሱም፣ አገር ቤት እንዳይነቃባቸው። ለእነሱ ሌላ፣ ቀይ ቶብ አለ።

እትዬ ዘሃራም ነበረች። መጀመሪያ ካርቱም የገባች ጊዜ እኛ ቤት ነው ያረፈችው፤ ፀጉሬን እየሠራች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዛሬ ወረፋዋ እስኪደርስ የሌሎቹን ቶብ ስታስተካክል ዋለች። "አንሺን፣ ሐኑ፣ አሳምረሽ አንሺን" አለችኝ። አነሳኋቸው።

ቅዳሜ

መብራት የለም። ፎቶዎቹን በካሜራው ትንሽ መስኮት እያየሁ ዋልኩ።

አንዷ። አንዷ ፎቶ ላይ ስደርስ ማለፍ አቃተኝ። ቶቡን የለበሰችው ልጅ ቆማለች፣ ፎቶው አንገቷ ላይ ስለተቆረጠ ፊቷ አይታይም። እግሯ ሥር እትዬ ዘሃራ ተንበርክካለች። የሥራ ቀሚሷን እንደለበሰች። መርፌ ቁልፍ በጥርሷ ነክሳ፣ የቶቡን ጫፍ ይዛ። በረኪና የላጠው እጇ ከሰማያዊው ጨርቅ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀና ብላ ወደ እኔ እያየች ነው፤ ካሜራ እንዳለ ረስታለች። እንዲህ ደክሟት አይቻት አላውቅም።

ይቺን ያነሳሁት እኔ ነኝ? እኔ ነኝ!

ለእማዬ አሳየኋት። እማዬ እዚህ ደይም ሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች፤ በእጇ ሽንኩርት እንደያዘች አጎንብሳ አየችና "ዘሃራ አርጅታለች" ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ቢያንስ "ጎበዝ" ብትለኝ ምን ነበረበት?

(ይህንን የምጽፈው በአማርኛ የሆነው የክፍሌ ልጆች እንዳያነቡብኝ ነው። ፊደል ያስቆጠረችኝ እማዬ ናት። ስሕተቴን የሚያርም የለም፣ ተመስገን።)

እሑድ

ክፍል ውስጥ ሁላችንም በስክሪን አሳየን። የሚቃጠል ጎማ፣ የሚሮጥ ሰው፣ የሚቃጠል ጎማ። የኔዋ ስትመጣ ኡስታዝ ጣሪቅ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። "ይህች ትሰቀላለች" አለ።

ሐሙስ በኮሌጁ አዳራሽ ኤግዚቢሽን አለ። የጋዜጣ ሰዎች ይመጣሉ፤ ለልምምድ ተማሪ የሚመርጡት ከዚያ ነው። ፎቶዎቹ በኮሌጁ ገጽ ላይም ይወጣሉ። 

ከዚያ ኡስታዝ ጣሪቅ "ሴትዮዋ አይታዋለች?" አለኝ።

"ሳነሳት ነበረች።"

"አይታዋለች ወይ ነው ያልኩሽ።"

አላየቻትም። ስሟን፣ ሥራዋን፣ ፈቃዷንም ይዤ መምጣት አለብኝ። ያለዚያ ኸላስ፣ አበቃ፣ ሌላ ፎቶ። ይህንን ሲናገር ድምፁን እንኳ ከፍ አያደርግም፤ በጣም ያናድዳል።

እንዴት እምቢ ትላለች? እትዬ ዘሃራ እኮ ናት።

ሰኞ

እምቢ አለች።

በሀፍላ አውቶቡስ ሪያድ ወርጄ ቪላው ጓሮ በር ላይ ጠበቅኋት። አሠሪዋ ማዳም ከምሳ በኋላ ስትተኛ ነው ወጣ የምትለው። ስታየኝ ደነገጠች፣ እማዬ የታመመች መስሏት። "ደህና ናት፣ ደህና ናት" ብዬ ስልኬን ሰጠኋት፤ ፎቶዋን ትናንት ኮሌጅ ሳለሁ ስልኬ ላይ ገልብጫት ነበር።

መጀመሪያ ያላወቀቻት መሰለኝ። ቆይታ ጣቷን ፊቷ ላይ አሳረፈች፣ ስልኩ ላይ ባለው ፊቷ ላይ።

"ይህ የት ነው የሚሰቀለው?"

ነገርኳት። ኢንተርኔት ላይም እንደሚወጣ ነገርኳት። ቁጭ አለች፣ መሬት ላይ፣ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ።

"ሰዓዳ እንዳታይብኝ።"

ሰዓዳ ልጇ ናት። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ፣ አያቷ ጋር ትማራለች። ትታት ስትመጣ ገና መዳህ ጀምራ ነበር፤ አሁን ቁመቷ ከኔ ይበልጣል ይላሉ። ሰዓዳ እናቷ ካርቱም ውስጥ ልብስ ስፌት ሱቅ እንዳላት ነው የምታውቀው። ሰማያዊው ቶብም የእናቷ ነው። ሐብሉም። ባለ ከፈፉም ወንበር።

"ፎቶው እኮ ውሸት አይደለም" አልኳት። ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም።

"ውሸት ነው ማን አለሽ? ውሸት ቢሆን ምን አስፈራኝ! ሐኑ፣ የኔ እናት፣ አፉ በይኝ፣ አጥፊልኝ። እዚሁ፣ እያየሁሽ።"

ከስልኬ ላይ አጠፋኋት። ግንባሬን ሳመችኝ። ማዳም ስትጣራ ተነስታ ሮጠች።

ካሜራው ውስጥ እንዳለች አልነገርኳትም። ስለ ካሜራው አልጠየቀችኝም እኮ። ይህንን ራሴ ጽፌው ራሴ አፈርኩ።

ማክሰኞ

ለኡስታዝ ጣሪቅ እውነቱን ነገርኩት። "አልፈቀደችም።" ሌላ ሰጠሁት፦ ቶቡ ብቻውን ምስማር ላይ የተሰቀለበትን። "ደህና ናት" አለ። ደህና! "ደህና ናት" የሚባለው ለሚያገግም በሽተኛ ነው።

እንደገና ጠይቂያትም አላለኝም። ቢለምነኝ፣ ቢቆጣኝ፣ እሱ ላይ እናደድ ነበር። አሁን የምናደድበት ሰው የለኝም።

ፎቶዋ አሁንም ካሜራው ውስጥ ናት። ለምን አላጠፋሁም?

ምርጧ ስለሆነች።

አንድ ቀን እትዬ ዘሃራ ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል ብዬ።

ስለማልፈልግ። ይኸው ነው።

ለእማዬ ነገርኳት። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አለች። ለኔ ይሁን ለዘሃራ አላወቅኩም። ሁልጊዜ እንዲህ ናት፣ ተረቷን ወርውራ ትሄዳለች።

ረቡዕ

ሰዓዳ ጠፍታለች።

እማዬ ሥራዋን ጥላ በቀትር ስትገባ ነው ነገር እንዳለ ያወቅኩት። ከኋላዋ እትዬ ዘሃራ። ማዳምን ሳታስፈቅድ በረክሻ ባጃጅ ነው የመጣችው፤ ነጠላ ጫማ፣ ሁለቱም ግራ።

ነገሩ ይህ ነው። ልጅቷ ትናንት ትምህርት ቤት ሄድኩ ብላ በዚያው ቀረች። ከአንድ ደላላ ጋር ናት፤ ጎንደር፣ ከዚያ መተማ፣ ከዚያ ሱዳን። ለአያቷ በስልክ የላከችውን ድምፅ እትዬ ዘሃራ አሰማችን። የልጅ ድምፅ ነው፣ ደስ ብሏት ትንጫጫለች፦ "እማ ጋ ልሄድ ነው። ሱቋ ውስጥ አግዛታለሁ። እኔም ቶብ ለብሼ ፎቶ እልክልሻለሁ፣ አብሽሪ!"

እማዬ አፏን በእጇ ያዘች። እኛ ቤት መተማ ላይ ምን እንደሚደረግ ማንም ለማንም አያስረዳም። እማዬም እትዬ ዘሃራም በዚያው በኩል ነው የመጡት። ስለዚያ መንገድ አይወራም።

"እውነቱን ነግሬያታለሁ፣ አሁን በስልክ" አለች እትዬ ዘሃራ። "ግርድና ነው የምሠራ፣ ሱቅ የለኝም፣ ተመለሽ አልኳት። ሳቀችብኝ። 'እንዳልመጣብሽ ነው' አለችኝ። ፎቶዎቹን ነው የምታምነው።" ከዚያ ጉልበቷን መምታት ጀመረች። "ያረቢ! ያቺ ፎቶ ብትኖር! በእጄ አስጠፍቼ! በእጄ!"

እማዬ አየችኝ። ታውቃለች።

"አለች" አልኩ።

"ምኗ?"

"ፎቶዋ። ካሜራው ውስጥ አለች። አላጠፋኋትም።"

የምትመታኝ መሰለኝ። ብትመታኝም ልክ ነበረች። ሁለት እጄን ይዛ ወደ ፊቴ ተጠጋች።

"ሌባ!" አለችኝ። "ሌባ! አልሐምዱሊላህ!"

መብራት የለም። ጄኔሬተር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ ሦስታችንም ሮጥን። ሰውዬው የካሜራውን ካርድ ከፍቶ ፎቶዋን ሲያይ እትዬ ዘሃራን ቀና ብሎ አያት፤ እሷ ምንም አልመሰላትም። ወደ ስልኳ ገለበጠልን። ላከችላት። በድምፅ የጨመረችው ይህንን ብቻ ነው፦ "ሰዓዳ፣ የተንበረከከችውን እያት። እኔ ነኝ።"

ተልኳል። አልታየም።

የእትዬ ዘሃራ ወንድም ሰይድ ልጅቷን ፍለጋ ከሐይቅ ተነስቷል። ጎንደር ግን ሰፊ ነው።

ሐሙስ

ኤግዚቢሽን። ምስማር ላይ ያለው የቶብ ፎቶዬ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ተሰቅሏል። የጋዜጣው ሰዎች አይተውት አለፉ፤ እኔም ብሆን አልፈው ነበር። ለልምምድ የተመረጠው የጎማዎቹ ልጅ ነው። ጥሩ ልጅ ነው፣ አልጠላውም። ዛሬ ግን ጠልቼዋለሁ።

ኡስታዝ ጣሪቅ "ያችኛዋስ ሴት ደህና ናት?" አለኝ። ስለ ፎቶዋ ሳይሆን ስለ ሴትዮዋ። ላለቅስ ስል ስልኬ ጮኸ።

እትዬ ዘሃራ ነበረች፣ ከማዳም መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ በሹክሹክታ። ሰዓዳ አይታዋለች። ደውላለች።

መጀመሪያ የጠየቀቻት ስለ እጇ ነው፦ "እማ፣ እጅሽ ምን ሆኖ ነው?" "በረኪና ነው።" "ቶቡስ?" "የኔ አይደለም።" "አንቺም እኮ ለብሰሽዋል፣ ፎቶው አለኝ።" እትዬ ዘሃራ እንዲህ ብላ መለሰችላት፦

"ወረፋ ነው ልጄ። የኔ አራተኛ ነበር።"

ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ዝግ ነው። እመለሳለሁ አላለችም፣ አልመለስምም አላለችም። የት እንደሆነችም አልተናገረችም። መኪና ውስጥ ትሁን፣ ቤት ውስጥ ትሁን፣ ስልኩን ዘግታው ይሁን ቀምተዋት ይሁን፣ ምንም አናውቅም።

እማዬ ከሥራ መጥታ ራቷን ሳትነካው ተነሳች። እኔም አልበላሁም።

ዓርብ

የዓርብ ቤት ተከፍቷል ግን ማንም ፎቶ አልተነሳም። ቶቡ ታጥፎ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል። ነገሩን ሁሉም ሰምተዋል። አንዷ፣ እሷም ወሎ ሴት ልጅ ያላት፣ ስልኳን ይዛ ትወጣለች ትገባለች። የላከቻቸውን ፎቶዎች እያየች እንደሆነ ገባኝ።

እትዬ ዘሃራ የመጣችው ከአሱር ሶላት በኋላ ነው። ረቡዕ ሳታስፈቅድ በመውጣቷ ማዳም ግማሽ ዓርቧን ወስዳባታለች። አላባረረቻትም፤ "ይህም ተመስገን" አለች። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እማዬ አጠገቧ፣ እኔ ፊት ለፊቷ።

ሲደወል ሁላችንም ዘለልን።

ሰይድ ነው። ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ ለክፍሉ ሁሉ ይሰማል፦ "አግኝቻታለሁ! ጎንደር፣ መናኸሪያው ጋ! ብቻዋን ቁጭ ብላ!" ደላላውን ጥላው ከወጣች ቆይታለች፤ ገንዘብ ስላልነበራት መመለስም አልቻለችም። ክፍሉ በእልልታ ተሞላ፤ ሱዳናዊቷ ጎረቤት ሳይቀር በሩ ላይ መጥታ አብራ እልል አለች፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ።

"ስጣት፣ ስጣት እስቲ" አለች እትዬ ዘሃራ።

የሰይድ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፦ "አላናግርም ብላለች። ተናዳብሻለች፣ ዘሃራ። 'ይህን ሁሉ ጊዜ ዋሸችኝ' ነው የምትለው።"

ሁላችንም እትዬ ዘሃራን አየናት።

"ትናደድ" አለች። "ትናደድ እንጂ። ቤቷ ሆና ትናደድ።" ከዚያ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ሐይቅ ገና አልደረሱም። መንገዱ ረጅም ነው። ይዟት ካልገባ እማዬም እኔም አናምንም።

ቀስ እያለ ሁሉም ወደየሥራው ሲመለስ፣ ካርዱን ከካሜራው አውጥቼ ለእትዬ ዘሃራ ሰጠኋት። "አሁን አንቺው አጥፊያት" አልኳት። "በእጅሽ። እኔን አትመኚኝ።" ካሜራውንም ነገ ለኮሌጁ ስለምመልስ ሌላ ቅጂ የለኝም፤ በእናቴ ስም ምዬ ነገርኳት። ፎቶዋ ምርጧ ናት፣ ከእንግዲህም እንደሷ ያለ ላነሳ አልችል ይሆናል። ግን ሰጠኋት።

ካርዷን መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት። ጥፍር ታክላለች፣ ምንም አይታይባትም። ገለበጠቻት፣ አገላበጠቻት። ከዚያ መልሳ እጄ ውስጥ አስቀምጣ ጣቶቼን አጠፈችብኝ።

"ትቆይ" አለችኝ። "ልጅ ናት፤ ይህንን ስትረሳ እንደገና እንልክላታለን።"