ከኋለኛው ክፍል የወጣ ዳቦ

ሴጢፍ፤ ዓርብ፣ ጃንዋሪ 17

ለልጄ ለያቁታ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ኮሌጅሽ ያለበት ቁስንጢናም እንደኛ በረዶ ጥሎ ከሆነ እግርሽን ብርድ አታስመቺው፤ እናትሽ የሠራችልሽ የሱፍ ካልሲ በአውቶቡስ በምልክልሽ ዕቃ ውስጥ ከላይ ነው። ከካልሲው ሥር ያሉትን ሁለት ነገሮች ግን ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ አትንኪያቸው። የአውቶቡሱ ሾፌር ምን እንደሆኑ ቢጠይቀኝ "የኮሌጅ ነገር ነው" እለዋለሁ። ውሸት አይሆንም።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ከክፍልሽ ልጆች ጋር መጥታችሁ ከሄዳችሁ ወዲህ ስደውል ታነሻለሽ፤ "ደህና ነኝ አባዬ፣ ፈተና ደርሶብኛል" ትይኛለሽ፤ ከዚያ ስልኩን ለእናትሽ እስካቀብል ዝም ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ደግሞ በስልክ ነጋዴ ነኝ፤ አንቺ አንድ ቃል ሳትጨርሺ መልሱን አዘጋጃለሁ። ወረቀት ላይ የሚያቋርጠኝ ስለሌለ የማመልጥበትም የለኝም።

መምህርትሽ ደውላ "ተማሪዎቼ ደረቅ ዳቦ እየሰበሰበ ለከብት መኖ የሚሸጥ ሰው ማየት ይፈልጋሉ" ስትለኝ ያንቺ ክፍል መሆኑን አላወቅሁም። አንቺም ወዴት እንደምትሄዱ የገባሽ መኪናው ወደኛ ሰፈር ሲታጠፍ ሳይሆን አይቀርም። ከመኪናው ስትወርጂ አየሁሽ። ፊትሽ በርቶ ወደ እኔ መምጣት ጀምረሽ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ካንቺ አንስቼ መምህርትሽን "እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ልጆቹ እንዳይበርዳቸው ግቡ፣ ግቡ" አልኳት። ልጆቹ አልኩ። አንቺንም ጨምሬ።

እዚያው ቆም አልሽ። ምን እንዳሰብሽ አላውቅም። ልብሴ ዱቄት በዱቄት ስለነበር አፍሬ መሰለሽ ይሆናል፤ ወይም ባንቺ ያፈርሁ መሰለሽ። አይደለም። መምህርቷ የእጅ ጓንትና ትንንሽ የላስቲክ ከረጢቶች ይዛ አየኋት። "ናሙና ሊወስዱ ነው፤ ይቺ ልጄ መሆኗ ከታወቀ ስለ ኋለኛው ክፍል የምትጠየቀው እሷ ናት" ብዬ አሰብሁ። ይህን ሁሉ ያሰብሁት ለሰላምታ እጄን እስክዘረጋ ድረስ ነው። ጭንቅላቴ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ፈጣን ነው።

የቀረውን አብረን ነው ያየነው። ነዚም የተባለው ቀልደኛ ልጅ ከክምሩ አንድ ዳቦ አንስቶ "አጎቴ፣ ይሄ እኮ ከኮሌጃችን ምሳ ቤት ዳቦ ይለሰልሳል፤ ለእኛ አይሸጡልንም?" ሲለኝ፣ "ጭራ ካበቀልህ ና" አልሁት፤ ሁሉም ሳቁ፤ አንቺም ትንሽ ፈገግ አልሽ። ከዚያ መምህርቷ የኋለኛውን ክፍል የብረት በር አየችው።

"እዚህስ ምን አለ?"

"አሮጌ ዕቃ ነው። ቁልፉም ሸሪኬ ጋ ነው" አልኳት።

ሸሪክ እንደሌለኝ ታውቂያለሽ። ቁልፉ ቀበቶዬ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አንቺ የገዛሽልኝ ቀይ ማንጠልጠያ ያለው። አየሽው፤ ማየትሽንም አየሁ። ከዚያ ለበሩ ጀርባሽን ሰጥተሽ "መምህርት፣ ከዚህኛው ክምር ብንወስድ ይበቃል" አልሽ። ስትወጪም እንደ ሌሎቹ "እናመሰግናለን አጎቴ" ብለሽኝ ሄድሽ።

ደላሎች በየቀኑ ይዋሹልኛል፤ ሥራቸው ነው፤ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ያንቺን ግን በነፃ ወሰድሁት። እንደምታውቂው የዕለት ውሎዬን ሳልጽፍ አልተኛም። የዚያን ቀን የጻፍሁት ስለ በረዶው ብቻ ነው።

በኋለኛው ክፍል ያለውን ገምተሽዋል፤ ቢሆንም እኔው ልንገርሽ። ዘንድሮ ዝናቡ አላቋርጥ ብሏል። ከየደጁ የሚሰበሰበው ከረጢት ውሃ ጠጥቶ ይመጣል፤ ግቢው ውስጥ ሸራ ላይ ብናሰጣውም የሚያደርቅ ፀሐይ የለም። የሰዉንም ነገር ታውቂዋለሽ። ዳቦ ከቆሻሻ ጋር የሚጥል የለም፤ መንገድ ላይ ወድቆ ያገኘ ሰው አንስቶ፣ ስሞ፣ ግንብ ላይ ያስቀምጠዋል። አረንጓዴ የሆነውንም ቢሆን በር ላይ ይሰቅልልኝና እጁን አራግፎ ይገባል። ከዚያ በኋላ ኃጢአቱ የእኔ ነው። እኔስ የት ልድፋው? "መባረክ ዳቦ ቆሻሻ መጣያ ደፋ" ቢባል ከማግስቱ ጀምሮ ማን ከረጢት ይሰቅልልኛል? ስለዚህ ፈጨሁት። ከደረቁ ጋር ሲፈጭ አረንጓዴው አይታይም። ዋጋው ከፉርሽካ ስለሚረክስ ላያሺ ደስ ብሎት ይወስደዋል፤ ያ ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለ ላሙ ጎረቤታችን፣ ልጅ ሳለሽ ጥጃ እያስያዘ ያጫውትሽ የነበረው።

አላውቅም ነበር እንዳልልሽ ባለፈው የበጋ ዕረፍትሽ ነግረሽኛል። እራት ላይ ነበርን። "አባዬ፣ የሻጋታው መርዝ በላሟ አልፎ ወተቱ ውስጥ ይገባል፤ ብታፈላውም አይጠፋም" አልሽኝ። እኔም "ማን ነገረሽ፣ ላሟ ናት ወይስ ጥጃዋ?" አልሁሽ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አንቺ ቀላሽና ሳህን ለማንሳት ተነሳሽ። ገበያ ላይ ግን "ልጄ ዘላቂ ግብርናና ምግብ ነው የምታጠናው፤ መሬቱ ሳይጎዳ ሰው እንዴት እንደሚበላ ትማራለች" እያልሁ ስኮራብሽ ነው የምውለው።

ቀጥሎ ያለውን እናትሽም እስከ ትናንት አታውቅም ነበር። የሻገተውን መቀላቀል የጀመርሁ ሰሞን የላያሺን ወተት ከቤታችን አስቀረሁ። የካርቶን ወተት ተሸክሜ ገባሁ። እናትሽ "አንተ ሰውዬ፣ ላያሺ ምን አደረገህ? ይሄ እርጎ ይወጣዋል?" ብላ ጮኸችብኝ። "ዋጋ ጨመረ" አልኳት። አልጨመረም።

ስለዚህ አባቴ አላመነኝም ብለሽ አትዘኚ። አምኜሽ ነበር። የነገርሽኝን ለራሴ ቤት ተጠቀምሁበት፤ ከመንገዱ ማዶ ላሉት ግን ደበቅሁት። ይህን መስመር ለመጻፍ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ ላያሺ ጋ ሄድሁ። ጋጣውን እየጠረገ ነበር። ገና ከበሩ ሲያየኝ "ኧረ ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች! የካርቶኑ ጌታ መጣልን!" አለ። ነገርሁት። ቀልዱ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ እያየሁ እስከ መጨረሻው ነገርሁት። አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

"ቆይ" አለኝ፤ "ሚስትህ ሐዳ ወተት መውሰድ የተወችው ለዚህ ነው?"

"አዎ።"

"ሚስቴ ምን እንዳለች ታውቃለህ? 'ውሃ የቀላቀልን መስሏቸው ነው' አለች። የማጥለያውን ጨርቅ ቀየረች፣ ማሰሮውን በአሸዋ ፈተገች። እናንተ እንድትመለሱ! ልጅህ መቼ ነው የነገረችህ?"

"በበጋ።"

"እና የእኔ የልጅ ልጆች እስካሁን የሚጠጡት ምንድን ነው፣ መባረክ?"

ለሁሉም ነገር መልስ እንዳለኝ ታውቂያለሽ፤ ያን ጊዜ ግን ጋጣው ጥግ የተደረደሩትን የሸጥሁለትን ጆንያዎች ነበር የማየው።

"ጆንያህን አውጣልኝ" አለ። "ሠራተኛህን እንዳትጠራ። በራስህ ጀርባ።"

አወጣሁ። በረዶው ላይ እየተንሸራተትሁ ስመላለስ እሱ ቆሞ ያየኝ ነበር። ስጨርስ ገብቶ ጠርሙስ ሙሉ ወተት ይዞ ወጣ። "ይህንን ለያቁታ ላክላት፤ ትመርምርልኝ። እሷ ያለችኝን አምናለሁ። እስከዚያ አንድ ስኒ አልሸጥም፤ ቤቴም አይጠጣም" አለ። ደህና ዋል ስለው አካፋውን አንስቶ ወደ ጋጣው ተመለሰ። ልጄ፣ ያ ሰው የሚያድረው በወተቱ ነው። ከኮሌጃችሁ ሊያስመረምር የሚችል ካለ እባክሽ ቶሎ በዪ።

የኋለኛውን ክፍል ዛሬ ጠዋት ባዶ አደረግሁት። ከበለሱ ሥር ጉድጓድ ቆፍሬ የሻገተውን ሁሉ ገለበጥሁበት። ጎረቤታችን ሰሊም በአጥር አሻግሮ "መባረክ፣ ዳቦ ትቀብራለህ እንዴ! የቀብር ሶላት ሰገድህበት ወይስ ሰው ልጥራልህ?" አለኝ። "ጥራ፤ የገደልሁት እኔ ነኝ" አልሁት። ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። እስከ ማታ በየሱቁ ያወራዋል። በበጋ ስለ ብስባሽ አፈር አሠራር ስትነግሪኝ የሰማሁሽ እየቀለድሁ ስለነበር ምኑም አልቀረልኝም። ከገለባ ጋር ነው የሚደረበው ወይስ ከፍግ ጋር? ለጊዜው ሸራ አልብሼዋለሁ። ጻፊልኝ፤ እንዳልሽኝ አደርጋለሁ።

አሁን ወደ ዕቃው ልምጣ። አንደኛው የላያሺ ወተት ነው፤ እንዳይሰበር በእናትሽ ሻርፕ ጠቅልዬዋለሁ። ሌላው ከኋለኛው ክፍል የወጣ ዳቦ ነው። ለመምህርትሽ ስጫት። ከፊት ካለው ክምር ብቻ ወስዳችሁ "ደረቅ ዳቦ ንጹሕ መኖ ነው" ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ከእኔ ግቢ የወጣው ውሸት ያንቺ ስም ተጽፎበት ሰው እጅ ይገባል። ገና የመጀመሪያ ጥናትሽ ነው።

የዳቦው ከረጢት ላይ ስሜን ጽፌያለሁ። "መባረክ" ብዬ ልተወው ነበር፤ የቤተሰብ ስማችንን ብጽፍ መምህርትሽ አንብባ ቀና ብላ ታይሻለች ብዬ። ላንቺ ማዘኔ መሰለኝ። ወዲያው ግን ይህን የሚለኝ ያው "ቁልፉ ሸሪኬ ጋ ነው" ያልሁበት አፌ መሆኑን አወቅሁትና "ቡኸልፋ" ብዬ ጨረስሁት። "ምንሽ ነው?" ብላ ከጠየቀችሽ የምትመልሺውን እኔ አልነግርሽም። እኔ በሰው ፊት አላውቅሽም ብያለሁ። አንቺም እንደዚያው ብትዪ ቅር አይለኝም፤ እንዲያውም ይገባኛል።

ምሳ በልተን ነው ይህንን የምጨርሰው። እናትሽ የዓርቡን ኩስኩስ አቀረበች፤ አጠገቡ እርጎ አልነበረም። ትናንት ሁሉንም ስነግራት የካርቶኑን ወተት ደፍታዋለች። ለምን ደረቁን እንደምንበላ ማንም አልጠየቀም። አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤ "ለልጅቷ ሁሉንም ጻፍህላት?" አለችኝ። ጻፍሁ።

አላህ ዕውቀትሽን ለሚሰሙሽ ሰዎች ያድርገው፤ ጤናሽን ይጠብቅ፤ ከፍ ባልሽበት ሁሉ ቀና ብለሽ የምትቆሚ ያድርግሽ። እናትሽ ትስምሻለች። ካልሲውን አድርጊ።

በሰው ፊትም አባትሽ፣
መባረክ ቡኸልፋ