የዘለልኩት ገጽ

ጥር 1

ወር ገባ። እትዬ ካላንደር መጣች። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አከራያችን ናት፣ ቀን ከመቁጠር ሌላ ሥራ የላትም። በሩን ስከፍትላት አንገቷን አስግጋ ከኋላዬ እማዬን ፈለገች።

«እናትሽስ?»

«ሥራ ገብታለች።»

«ኪራዩስ?»

«እሱም ሥራ ላይ ነው።»

አልሳቀችም። ጋሼ ግን ከውስጥ ሆነው ሳል አስመስለው ሳቁ። ጋሼ የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አብረውን ይኖራሉ። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ተላላኪ ነበሩ። ፋይል ከክፍል ክፍል ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ዳኛ ሆነው አረፉት። ትናንት ድመቷ ወተት ስትደፋ «በሕግ አምላክ!» ብለው አስቆሟት። ድመቷ ይግባኝ አላለችም።

ጥር 3

እማዬ ደመወዝ ተቀበለች። ልብስ ንጽህና ቤት ካውያ ላይ ነው የምትሠራው። ደመወዝ ወር በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ኪራይ በመጀመሪያው። ስለዚህ በየወሩ እንዘገያለን፣ በየወሩ መቀጫ እንከፍላለን። እዚህ ቤት ከገባን አሥራ አራት ወራችን ነው፤ አንድም ወር አላመለጠንም።

እትዬ ካላንደር ኪራዩንም መቀጫውንም ተቀብላ፣ «ከእንግዲህ አንድ ቀን ብትዘገዩ ወዲያውኑ ቤቴን ትለቁልኛላችሁ» አለች። አፏን ሞልታ።

«እሺ እትዬ... ይቅርታ እትዬ።»

ይህን «ይቅርታ እትዬ» እንዴት እንደምጠላው! እማዬ ስትለው ቁመቷ ያጥራል።

የሚቀጥለውን ወር ቀድማ እንድታጠራቅም እሑድም ልትሠራ ነው። «ሰው እኮ እሑድ ያርፋል» አልኳት። «ሸሚዝ አያርፍም» አለችኝ። ቀልድ ከእኔ ነው የወረሰችው።

ጥር 12

እሑድ። ካውያው የእማዬን አንጓ አቃጠላት። ደክሟት ነው። «ምንም አልሆንኩም» ትላለች፣ ብርጭቆ ግን በግራ እጇ ነው የምታነሳው።

ጥር 14

ከቤታችን ሥር ያለው ፀጉር አስተካካይ ጠራኝ። «አንቺ ምላስ! ዛሬ ምነው ዝም አልሽ? ታመሽ ነው?»

ስለ መቀጫው ነገርኩት። መቀሱን አስቀምጦ አየኝ። እሱ የሚከራየው ከሌላ ሰው ነው፣ ውሉን ያጻፈለት ግን የእኛው ደላላ ነው።

«በሦስተኛው ቀን ከፍላችሁ መቀጫ? እስከ አምስተኛው ቀን እኮ መቀጫ የለም! የእኔ ውል ላይ አለ። ውላችሁን አላነበባችሁም እንዴ?»

«አንብበናል» አልኩ። አንብበናል...?

ሮጥኩ። ቁምሳጥን ውስጥ፣ ፌስታል ውስጥ። ሦስተኛው ገጽ። «ተከራይ ወሩ በገባ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ኪራዩን ከከፈለ መቀጫ አይጠየቅም።» ከሥሩ ደግሞ፣ «አከራይ ተከራይን ለማስለቀቅ ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ ማስጠንቀቅ አለበት።»

መጀመሪያ ደስ አለኝ። መዝለል ሁሉ አማረኝ። ከዚያ ትዝ አለኝ...

ውሉ የተፈረመ ዕለት። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ጋሼ መነጽራቸውን ጠርገው፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ጋሼ ሲያነቡ ፊደሉ ይሸብታል። ጓደኛዬ ውጭ ትጠብቀኛለች። «ጋሼ፣ እርስዎ አንብበው እስኪጨርሱ ኪራዩ ይጨምራል!» ብዬ ወረቀቱን ከእጃቸው ላፍ አደረግኩ። ደላላው ሳቀ። እትዬ ሳቀች። እማዬም ሳቀች። የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩላቸው። ከዚያ ገለጥ ገለጥ...

«ሌላው የተለመደው ነው።»

«እስከ ታች አንብቢልን እንጂ ልጄ» አሉ ጋሼ።

«አነበብኩት እኮ! በዓይኔ።»

በዓይኔ!

እማዬም እኔን አምና አውራ ጣቷን አተመች።

ጥር 15

ነገርኳት። ግን እንዴት? እንደ ጀግና።

«እማዬ ቁጭ በይ፣ ጉድ አግኝቼልሻለሁ!» ደላላው ደብቆብን ነው አልኩ። የት ነው የደበቀው? ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ዓይነ ስውር በሚያየው ፊደል... እማዬ በፋሻ በተጠቀለለ እጇ ፊቴን ያዝ አድርጋ ግንባሬን ሳመችኝ። የቅባቱ ሽታ ፊቴ ላይ ቀረ።

ጋሼ «ጎበዝ» አሉ። ይህችን ብቻ። ሰው ሰላም ሲላቸው እንኳ ሐተታ የሚያቀርቡ ሰውዬ!

ያስታውሳሉ ማለት ነው?

ያስታውሳሉ።

ጥር 16

ሦስታችን እትዬ ካላንደር ቤት ሄድን። አንባቢዋ እኔ። ድምፄ ሁለቴ ተቆራረጠ፤ እማዬ ፈርታ ነው ብላ ጀርባዬን አሻሸችኝ።

የእትዬ ፊት ተለዋወጠ። «የታል? የቱ ጋ ነው የሚለው?» ወረቀቱን አንዴ አራቀችው፣ አንዴ አቀረበችው። «እኔ እኮ ደላላው ፈርሚ ያለኝ ላይ ነው የፈረምኩት። ሰው ሁሉ የዘገየን ሲቀጣ አየሁ፣ ቀጣሁ።»

ለካ እሷም አላነበበችውም! እማዬ አትችልም። እትዬ ደላላ አመነች። ጋሼን እኔ አስቆምኳቸው። ወረቀቱ እጁ ላይ የነበረ፣ ማንበብ የሚችል፣ ግን የቸኮለ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «በሕግ አምላክ፣ በውሉ እንደር» አሉ። ልስቅ ፈለግኩ። ሳቁ አልመጣም።

እትዬ ክፉ አልሆነችም። ያለአግባብ የወሰደችው ከሚመጣው ኪራይ ይቀነሳል። ልቀቁልኝ ያለችውም ቀረ። «ያ ደላላ ግን በአፍንጫዬ ይውጣ፤ ሌላ ጋ አዲስ ውል አጽፋለሁ» አለች።

እማዬ ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ልታርፍ ነው። አንጓዋ ላይ ግን ጠባሳ ይቀራል አሉ።

ጥር 18

እማዬ ለሥራ ቦታዋ ሰው ሁሉ አውርታለች። ዛሬ ቁልፍ ልቀበላት ስሄድ አለቃዋ ከወንበሩ ተነሥቶ «ጠበቃችን መጣች!» አለ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። እማዬ ከካውያው ጀርባ ሆና ጥርሷ አልከደን አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ...

ጥር 21

ነገርኳት። እውነቱን። ልብስ እያጠፈች ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ ምንም ሳልዘል።

አንድ ሸሚዝ አነሳች።

«ያን ቀን የት ልትሄጂ ነበር?»

«ፊልም... ከጓደኛዬ ጋር።»

«ጥሩ ነበር?»

«አላስታውሰውም።»

ሸሚዙን አጠፈችው። ፈታችው። እንደገና አጠፈችው። አልተቆጣችም። ምናለ በተቆጣች! ለቁጣ መልስ አላጣም። ለዚህ ምን ይባላል?

ጋሼ ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ያን ቀን ወረቀቱን ከእጅዎ...»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ልጄ፣ ተከሳሽ ራሱ ሲያምን ነው ችሎቱ የሚያምርበት።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህች አነጋገር ሳምንቱን ሙሉ ስቀልድባቸው እከርም ነበር። ጫማቸውን አቀበልኳቸው።

ጥር 22

የእማዬ አለቃ መንገድ ላይ አገኘኝ። «ደህና ዋልሽ» ብቻ ብሎኝ አለፈ። እማዬ ምን ብላ እንደነገረቻቸው አልጠየቅኩም።

የካቲት 2

እትዬ አዲሱን ውል ይዛ መጣች። አራት ገጽ። ጠረጴዛው ላይ ሳታስቀምጠው እጄን ዘረጋሁ፤ ልማድ ነው... ደብዳቤ ሲመጣ፣ የመብራት ቢል ሲመጣ፣ ሁልጊዜ ወደ እኔ ነው። እማዬ ወረቀቱን ተቀብላ በእጄ ላይ አሳልፋ ለጋሼ ሰጠቻቸው።

«ወንድም ጋሼ፣ ያንብቡልኝ። እስከ ታች።»

የተዘረጋ እጅ ምን ይደረጋል? ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩት።

ጋሼ ጀመሩ። ጣታቸው ከመስመሩ ሥር ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። እትዬ ሁለቴ አዛጋች። ሁለተኛው ገጽ ላይ እማዬ «ቆይ ቆይ» አለች። «ጣሪያው ቢያፈስ የምናሠራው እኛ ነን ነው የሚለው?»

«ይላል» አሉ ጋሼ።

«እሱ ይሰረዝልኝ እትዬ። ጣሪያው የእርስዎ ነው።»

እትዬ አንገራገረች። ጋሼን አየች፣ እኔን አየች። እኔ ወለሉን አየሁ። ሰረዘችው፣ ጎኑ ላይ ፈረመችበት። እማዬ «ይቅርታ እትዬ» አላለችም! አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም፣ በቃ ጠበቀች።

አራተኛው ገጽ ላይ ጋሼ አንድ ቃል ያዛቸው። «ያለ... ያለቅ... ያለቅድ...» ግንባራቸው ላብ አወጣ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። አፌን ከፈት ሳላደርግ አልቀረሁም፤ እማዬ ሳትዞር፣

«ተያቸው። ይደርሱበታል።»

አፌን ዘጋሁ። ጠበቅን።

ደረሱበት።