ጀልባ የሚበሳው ሰውዬ

ሐሙስ
ማይክራፎኑን ለአስካለ ሰጧት! ስድስት ዓመት ሙሉ ደብረ ብርሃን አዳራሽ ውስጥ የሕንዱንም የሩሲያውንም ፊልም ለሕዝብ ሳስረዳ የኖርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ የቀበሌያችን ሊቀመንበር አስጠራኝና፣ «ጓድ ታደሰ፣ የቅዳሜው ፊልም የስዊድን ነው፤ አስቂኝ ነው አሉ። የጤና ጣቢያዋ አስካለ እዚያ ተምራ ስለመጣች ቋንቋውን ትችላለች። አንተ ትንሽ እረፍ» አለኝ።
እረፍ! ደከመኝ ያለው ማን ነው?
ለዚህ ደብተር ብቻ ልናገር፦ የሕንዶቹንም የሩሲያዎቹንም ቋንቋ አንዲት ቃል አላውቅም። ስዕሉን እያየሁ ከራሴ ነው የምፈጥረው። እውነተኛውን ከሰሙ በኋላ እኔን ማን ይፈልገኛል?

ዓርብ
ቢሮ አንዱን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አበላሸሁ። ስወጣ አስካለን መንገድ ላይ አገኘኋት። «ጋሼ ታደሰ፣ ነገ ይመጣሉ አይደል? እርስዎ ካሉ አልፈራም» አለችኝ። ፈገግ አልኩላት። ውስጤ እርር ድብን ይላል።
የምመኘው፦ መብራት ይጥፋ። ፊልሙ ይበጠስ። ጉንፋን ይዟት ድምጿ ይዘጋ። የዚህ ከተማ ብርድ ለሰው ሁሉ ይበቃል፤ ለሷ ሲሆን ሰነፈ?

ቅዳሜ
መብራት አልጠፋም። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነው ስምንት ሰዓት ላይ ተጀመረ። አስካለ እያንዳንዷን ቃል ልቅም አድርጋ ትተረጉማለች፤ ስትጨርስ ግን ስዕሉ አልፏል። ሕዝቡ ጭጭ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።
ከዚያ አንድ ወፍራም ሰውዬ ተደብቆ የጎረቤቱን ጀልባ ሲበሳ ታየ። አፌን መያዝ አቃተኝ። ከኋላ ሆኜ፣ «አሻጥረኛ! ያዙት!» አልኩ። መደዳው በሳቅ ፈነዳ። ቀጠልኩ። አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ፤ አስካለ ማይክራፎኑን ዝቅ አደረገች።
ሊቀመንበሩ ሲወጣ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «ፊልሙ ነገ ለአንኮበር ሕዝብ ይታያል፤ አንተው ታስረዳለህ» አለኝ።
አሸነፍኩ። እራት ግን አልበላልህ አለኝ።

እሑድ
በጠዋት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አስካለ ፋሻ ትጠቀልላለች። «በድዬሻለሁ» አልኳት።
ቀና ሳትል፣ «ጋሼ፣ ሰውየው አሻጥረኛ አይደለም። ጎረቤቱ አዲስ ጀልባ ሲገዛ ቀንቶ ነው የበሳው። ጎረቤቱ ለካ ጀልባውን የገዛው ለእሱ ሊሰጠው ኖሯል። በመጨረሻ ተሳፍሮበት የሚሰምጠው የበሳው ሰውዬ ራሱ ነው» አለችኝ።
«አንኮበር አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አልኳት። ፋሻዋን መጠቅለል ቀጠለች።

ሰኞ
ትናንት ፊልሙን የሚወስደው መኪና ጋ ስደርስ አስካለ ቀድማኝ ተቀምጣለች። አንኮበር እስክንገባ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሄደች።
ፊልሙ ጀልባው የሚበሳበት ቦታ ሲደርስ «አሻጥረኛ» የሚለው ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት። «ይሄ ሰውዬ ቀንቶ ነው። እኔ አውቀዋለሁ» አልኩ። ማንም አልሳቀም፤ አስካለ ብቻ ከት ብላ ሳቀች። ማይክራፎኑን ዘረጋሁላት። ቃል በቃል መተርጎሙን ትታ፣ በሰውየው ሚስት ድምፅ፣ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ዋና እንኳ አትችልም!» ስትለው ሕዝቡ በሳቅ ተንፈራፈረ። በእኔ ጊዜ እንደዚያ ስቆ ያውቃል? እንጃ።
ስንመለስ፣ «ከእንግዲህ ወንዶቹን እርስዎ፣ ሴቶቹን እኔ» አለችኝ።
እሺ አልኩ። ከልቤ ነው። ግን ዛሬ ቀኑን ሙሉ በፊልሙ ውስጥ ሴቶቹ ይበዙ እንደሆነ ስቆጥር ዋልኩ።