ዱልሲን በስድስት ሰከንድ ላስነሷት ክቡር ኃላፊ

ለክቡር አቶ ግራንት ፔሌው
የላንተርንፊልድ ፊልም ኩባንያ የቤት ስርጭት ዋና ኃላፊ
ሲድኒ

ጉዳዩ፦ ስለተላከልን ዲስክ፣ ስለተላከልን ማስጠንቀቂያ እና ስለ አንዲት አሮጊት አልጋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እያልኩ፣ ወገብዎ ለሶፋ፣ ዓይንዎ ለትንሽ ስክሪን፣ ጆሮዎም ለዝምታ እንደተመቸ ይሰነብት ዘንድ የሙላንጋ ሕዝብ ከልብ የሚመኝልዎ መሆኑን ስገልጽ ደስታዬ ወሰን የለውም። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ቢዘገይብንም የመሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤዎች ሳያቋርጡ ይዘንቡልናል።

ይህን ደብዳቤ በአውራጃችን ጋዜጣ ላይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ቀደም ብዬ በፖስታ የላክሁልዎ ሦስት ደብዳቤዎች ያለ ጥርጥር በክብር ተቀምጠው ስላሉ፣ አራተኛውን ደግሞ ሰው እንዲያነበው ፈልጌ ነው።

እርስዎ ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ስለሆኑ፣ ኩባንያዎ የገዛው ነገር ምን እንደሆነ በአጭሩ ላስታውስዎ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የማካስኪል ወንድማማቾች እዚሁ ሙላንጋ፣ በአባታቸው የበግ መሸለቻ ዳስ ውስጥ፣ በጎችን ስለሚፈራ የበግ ጠባቂ ውሻና ዱልሲ ስለምትባል አሮጌ የጭነት መኪናው፣ ሃያ ስድስት ክፍል ያለው የካርቱን ፊልም ሠሩ። ቴሌቪዥኑ እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ ላም ከሚያልብ በቀር ማንም ባልነቃበት ሰዓት አስተላለፈው። ያዩት ጥቂቶች ነበሩ፤ ያዩት ግን እስከ ዛሬ አልዳኑም። ዱልሲን ባታቸው ላይ የተነቀሱ፣ ልጅ የዳሩ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሆኑ ሰዎች አውቃለሁ።

ዱልሲ አትናገርም። ታስላለች፣ ትተፋለች፣ ትተነፍሳለች፣ ታኮርፋለች። ይህ ሁሉ የወጣው ከወይዘሪት ኔሪዳ ፕሮበርት አፍ ነው። ወይዘሪት ኔሪዳ በትምህርት ቤታችን አርባ ዓመት መዝሙር ያስተማሩ፣ ዛሬ የሰማንያ አንድ ዓመት እመቤት ናቸው።

በዚያን ጊዜ ጣቢያውን የሚይዘው የመሰብሰቢያ አዳራሹ ጣሪያ ላይ ያለው አንቴና ብቻ ስለነበር፣ አገሩ ሁሉ ፒጃማውን እንደለበሰ እዚያው ተሰብስቦ ያይ ነበር። በየክፍሉ ዱልሲ አልነሳም ትላለች። አንድ እሑድ የንፋስ ፓምፕ ጠጋኙ ቤቫን ስካርፍ ትዕግሥቱ አልቆ የእንጨቱን ወለል በቦቲው ይደበድብ ጀመር፤ ሁላችንም ተከተልነው፤ እሷም ተነሳች። ወንድማማቾቹ ከኋላ ቆመው አይተው ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ በሠሩት ክፍል ሁሉ ውሻው ቁልፉን ካዞረ በኋላ ዝምታ ይተዉልን ነበር። ዝምታው የእኛ ነው። ዱልሲ በቤንዚን ሳይሆን በእግራችን ነው የምትነሳው።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ፤ ቅሬታ ማለትም ከበዛ፣ ምስጋና ይበሉልኝ።

1ኛ. ወንድማማቾቹ ዘንድሮ ሦስት ክረምት ደክመው ስለ ዱልሲ አዲስ ሙሉ ፊልም ሲጨርሱ፣ ኩባንያዎ ወደ ሲኒማ አዳራሽ ሳያስገባው በቀጥታ በዲስክ ለየቤቱ እንዲሸጥ ወሰነ። ምክንያቱንም በመጀመሪያው ደብዳቤዎ፣ «ተመልካቹ የቤቱን ምቾት ይመርጣል» ሲሉ ገልጸውልናል። ስለ ምርጫችን ከእኛ ቀድመው ማወቅዎ ልባችንን ነክቶታል። እኛ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጀርባ በሚሰብረው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጥነው ለካ ሶፋ መኖሩን ማንም ስላልነገረን ነው።

2ኛ. የወይዘሪት ኔሪዳ ዓይን ከመሃሉ እየጠፋ ነው። ሐኪሙ እንዳለው ዳር ዳሩ ይቀራል፣ እሱም ይህ ክረምት እስኪያልፍ ነው። የቤታቸው ቴሌቪዥን ሙሉ በሙሉ በጠፋው መሃል ውስጥ ይገባል፤ ሲያዩት ጭጋግ ነው። ዘጠኝ ሜትር በሚሰፋው የአዳራሻችን ግድግዳ ላይ ግን ፊታቸውን ወዲህና ወዲያ እያዞሩ በተረፈው ዓይናቸው ምስሉን መልቀም ይችላሉ። የለመንንዎ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ዓይናቸው ሳይዘጋ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ፣ በአዳራሹ እንዲታይላቸው። የፈቃድ ክፍልዎ ባልደረባ በስልክ፣ «ወይዘሮ፣ ይህ ፊልም የአዳራሽ መልክ የለውም» ብለው አስረዱኝ። ለወይዘሪት ኔሪዳ ስነግራቸው፣ «ሃያ ስድስት ጊዜ ሰው ፊት ተበላሽቻለሁ። በሃያ ሰባተኛው ብቻዬን ሳሎን ውስጥ ልበላሽ?» አሉ። መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ፤ አዋቂው እርስዎ ነዎት።

3ኛ. በምትኩ በወርቅ ቀለም ያጌጠ ሳጥን ውስጥ ዲስኩን ልከውላቸዋል፤ የእርስዎም ፊርማ ታትሞበታል። ወይዘሪት ኔሪዳ ማጫወቻ የላቸውም። ፊርማውም አልታያቸውም።

4ኛ. ዲስኩን አዳራሽ ውስጥ ልናጫውተው እንደሆነ ከየት እንደሰሙ እንጃ፣ ሦስተኛው ደብዳቤዎ በጠበቃ ተፈርሞ ደረሰን። ዲስኩ «ለቤት ውስጥ እይታ ብቻ» መሆኑን፣ ቤት ማለትም «ተመልካቹ የሚያድርበትና የሚያበስልበት ስፍራ» እንደሆነ፣ በዚያም «ከቤተሰብና ከተለመዱ እንግዶች ጋር» ማየት እንደሚቻል በጥንቃቄ ዘርዝሮልናል። ስለ ግልጽነቱ ጠበቃዎን ከእርስዎ አስበልጬ አመሰግናለሁ። ቤቫን ደብዳቤውን በአዳራሹ ኮሚቴ ፊት ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያም መነጽሩን አውልቆ ወደ ወይዘሪት ኔሪዳ ዞረ።

«ቲቸር፣ አልጋዎ ስንት ብሎን አለው?»

«አራት። አንዱ ግን ከጠፋ ቆይቷል።»

«እንግዲያው ሦስት ነው የምፈታው።»

በማግስቱ አልጋቸው ከነፍራሹ ከመድረኩ በስተግራ ተተከለ። በአዳራሹ ማድቤት የበግ ጥብስ ጠበሱ፤ አሳረሩትም፤ ማሳረራቸውን የሚመሰክሩ ሰባት ሰዎች አሉን። የአድራሻ ለውጥ ቅጽ ሞልተው ለአውራጃው ምክር ቤት አስገቡ። ፖስተኛችን ሬክስም በአዲሱ አድራሻ የመጣላቸውን የመጀመሪያ ደብዳቤ እዚያው በራፍ ላይ አስረከባቸው፤ ደብዳቤው ደግሞ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት የመጣ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ስለዚህ አዲሱን መኖሪያቸውን በጽሑፍ ያጸኑልን እርስዎ ራስዎ ነዎት። አራት ሌሊት አደሩበት። በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር የሚያንኮራፉት ማንኮራፋት ከመንገድ ማዶ ይሰማል፤ ማንም አልተማረረም፤ ዱልሲ ልትነሳ ነው ተባለ እንጂ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንግዶቻቸው መጣን። አንድ መቶ ስልሳ ሦስት ነበርን። «የተለመዱ» ለሚለው ቃል እንዳይጨነቁ፦ ከመካከላችን ወይዘሪት ኔሪዳ መዝሙር ያላስተማሩት፣ ወይም ሁለተኛ እንዳይዘምር ያልለመኑት ሰው የለም። እያንዳንዱ እንግዳ በአገሩ ወግ አንድ ሳህን ይዞ ገባ፤ በኮኮናት የተንከባለለ የቸኮሌት ኬክ፣ ትንንሽ የሥጋ ፓይ፣ ከቲማቲም ድልህ ጋር። ባለቤቲቱ በሌሊት ልብስ ላይ ሹራብ ደርበው በራፍ ላይ ቆመው «እግራችሁን ጥረጉ፣ ቤቴ ነው» እያሉ አስገቡን። መስኮቶቹን በሱፍ ከረጢት ሸፈንን፤ ወንበራቸውን ከግድግዳው ሦስት ሜትር ላይ አኖርን፤ ቤቫንም ዲስኩን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ለቀቀው።

5ኛ. ይህን ቅሬታ ያገኘሁት እዚያው ነው። ከሰዓት አጋማሽ ላይ ውሻው ቁልፉን አዞረ። ዱልሲ አልነሳም አለች። ዝምታው መጣ። ታላቁ ማካስኪል በራሱ አፍ እንደነገረኝ አርባ ሰከንድ ትቶልን ነበር። እግራችንን አነሳን፤ ገና አንዴ እንኳ በቅጡ ሳንረግጥ መኪናዋ በስድስተኛው ሰከንድ ተነስታ መንገዷን ቀጠለች። አንድ መቶ ስልሳ ሦስት ሰው እግሩን አንስቶ ቀረ። በኋላ ለመሥሪያ ቤትዎ ደውዬ ስጠይቅ፣ ለሙከራ ያሳያችኋቸው ሰዎች ዲስኩ የተበላሸ መስሏቸው ወደ ፍሪጅ ስለሄዱ ዝምታው እንዲያጥር መደረጉ በትሕትና ተነገረኝ። ክቡር ሆይ፣ ፍሪጅ ያለበት ቤት ለዚህ ፊልም እንደማይሆን በራስዎ ሙከራ ካረጋገጡ በኋላ ለፍሪጁ ብለው ፊልሙን መቁረጥዎ፣ በሥራ ዘመኔ ያላጋጠመኝ ቆራጥነት ነው።

ትንሹ ማካስኪል ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

«አንተ ቤቫን» አሉ ወይዘሪት ኔሪዳ ሳይዞሩ። «መልሳት።»

«ብመልሳትም ያው ስድስት ነው ቲቸር።»

«መልሳትና አቁማት አልኩህ። ማስነሳቱ የኔ ሥራ ነው።»

ቤቫን መለሳትና ቁልፉ በዞረበት ቅጽበት ላይ ምስሉን አቆመው። ዱልሲ ዘጠኝ ሜትር ሆና ግድግዳው ላይ ቀጥ አለች። መርገጥ ጀመርን። ወለሉ ከተሠራ ጀምሮ በሳንቃዎቹ መካከል የተኛው አቧራ ተነስቶ በመብራቱ ጨረር ውስጥ ታየ፤ ሳህኖቹ ከጠረጴዛው ዳር ተንሸራተቱ፤ አርባው ሰከንድ አለፈ፤ ማንም አላቆመም። ያኔ ከፊት ካለው ወንበር አንድ ሳል ተሰማ። ሌላ ሳል። ረጅም፣ እርጥብ፣ የሰማንያ አንድ ዓመት ሳል። ከዚያ ሞተሩ ያዘላት። ያ ድምፅ ከየትኛው ማጫወቻ እንደወጣ ጠበቃዎ ቢጠይቅ፣ ፈቃድ የማያስፈልገው ዓይነት ነው ይበሉት። ቤቫን ምስሉን ለቀቀው፤ መኪናዋም ሄደች።

ወይዘሪት ኔሪዳ አንገታቸውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ አዞሩ። «የግራ መብራቷ ተሰብሯል» አሉ ቀስ ብለው። «ማነው የሰበረብኝ?»

ትንሹ ማካስኪል ወጥቶ ውጭ ቆመ። ያን መብራት ሰብሮ የሣለው እሱ ነው፤ እሳቸው በተረፈው ዓይናቸው ያዩት ይሆናል ብሎ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ አርባውን ሰከንድ እንዲመልሱልን አልለምንም፤ በእጃችን ነው፣ በእግራችንም። ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስ በየቅዳሜው በወይዘሪት ኔሪዳ ቤት እንግዶች መሆናችንን ግን ለፋይልዎ እንዲመች አሳውቃለሁ። ሊከሱን ቢያስቡ መጥሪያው የሚደርሰው በአዳራሹ አድራሻ ነው፤ በሩ አይቆለፍም፤ ባለቤቲቱ ጆሯቸው ደህና ስለሆነ ወለሉን መርገጥ ይበቃል።

ለቤት ውስጥ ስርጭትዎ ታላቅነት፣ ለጠበቃዎ ትርጓሜ ጥልቀትና ለታተመው ፊርማዎ ውበት ያለኝን የማይናወጥ አድናቆት እያረጋገጥኩ፣ በሶፋዎ ላይ ረጅም ዕድሜ ይቀመጡ ዘንድ ከመሻት ጋር፣

ሎርና ቲንዴል
የሙላንጋ መሰብሰቢያ አዳራሽ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም የወይዘሪት ፕሮበርት መኖሪያ ቤት፣ ኮሚቴ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
– ለፖስተኛው ሬክስ
– ለጠፋው ብሎን፣ ያለበት ሆኖ እንዲያውቀው

ሳልረሳው፦ በላኩልን የወርቅ ሳጥን ሽፋን ላይ ዱልሲን በሁለት ደህና መብራት አስለው አትመዋታል። ወይዘሪት ኔሪዳ ሳጥኑ ስለማይታያቸው አልነገርናቸውም። ከእርስዎና ከእሳቸው ፊልሙን ያየው ማን እንደሆነ ለመለየት ግን የዓይን ሐኪም አላስፈለገንም።