የእናትሽ የቼሪ ትራስ

ኦበርሌስባኽ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 2023

ውድ ልጄ አነግሬት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽና ልጆቹስ? እናንተ ጋ ቤርገን ዝናቡ በርትቷል ሲሉ በዜና ሰማሁ፤ እዚህም ሳምንት ሙሉ አላባራም። እኔ ደህና ነኝ። ከዚህ በታች ያለውን ስታነቢ ይህችን ቃል አትርሺብኝ፤ ደህና ነኝ፣ የጎደለኝ የግራ ቅንድቤ ብቻ ነው።

ረቡዕ ዕለት ወጥ ቤታችን ተቃጠለ። ጎረቤታችን ኩኒ ስልክ አንስታ ሳትቀድመኝ ከእኔው ስሚው ብዬ ነው። ለፋሲካ የመጣሽ ጊዜ፣ «አባዬ፣ እማዬ ካረፈች ወዲህ ብቻህን ነህ። አንድ አደጋ ቢደርስ ቤቱን ዘግተን እኔ ጋ ትመጣለህ» ብለሽኝ እጅ ለእጅ ተጨባብጠናል። አልካድኩም። ግን ከመፍረድሽ በፊት አድምጪኝ፤ ጥፋቱ የእርጅና አይደለም፣ የአለማወቅ ነው።

ያ ብርድ ሲሆን እያሞቅን የምንታቀፈው፣ በቼሪ ዘር የተሞላው ትራስ ትዝ ይልሻል አይደል? ባለ ሰማያዊ መስመሩ ጨርቅ ያንቺ ሽርጥ ነበር፤ አንደኛ ክፍል ስትገቢ ጠበበሽና እናትሽ ቀድዳ ትራስ ሰፋችበት። ዘሩን የለቀምነው ከላይኛው ማሳ ነው። እሷ መሰላሉ ላይ ሆና ቼሪውን እየበላች ዘሩን ወደ ታች ትተፋለች፣ አንቺ ባልዲ ይዘሽ ከሥር ትሮጫለሽ። አንዱ ግንባርሽን መታሽና እስከ ማታ አኮረፍሽን። ዘሩን ቀቅላ፣ አሽታ አጥባ፣ ጣሪያ ሥር ጋዜጣ ላይ አሰጣችው። ቤቱ እስከ መስከረም ቼሪ ቼሪ ይሸት ነበር። ያን ሽታ አንዴ እንኳ መልሼ ባገኘው ደስ ባለኝ።

ብርዱ ሲገባ ትራሱን የምታሞቀው በሸክላው ምድጃ ጎን ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ነበር። ምድጃውን ቦታ ይይዛል ብዬ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። መታረቂያ ብዬ ማይክሮዌቭ ገዛሁላት፤ ለመንደሩ የመጀመሪያው ነበር። ያን ሰሞን ያልገባበት ዕቃ የለም። የሠርጋችን ሳህን፣ ያ ጠርዙ ወርቅ የተቀባው፣ ብልጭታ ሲረጭ አንቺ አጨበጨብሽ፣ እሷ አለቀሰች። አጎትሽ ሎሬንዝ ደግሞ እርጥብ የሱፍ ካልሲውን ላድርቅ ብሎ ከተተው፤ አንደኛው ቡናማ ሆኖ እየጨሰ ወጣ። እናትሽ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ «ሎሬንዝ፣ በድንች ላቅርብልህ ወይስ በጎመን?» ስትለው ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ትራሱን ግን ታውቅበት ነበር። ሁለት ደቂቃ፣ ከጎኑ ግማሽ ስኒ ውሃ። ያችን ውሃ አንድ ቀን ትታት አታውቅም።

«ውሃው ለማን ነው?» እላታለሁ።

«ለዘሮቹ። ይጠማቸዋል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ነገ ደግሞ ዳቦ አቅርቢላቸው።»

«አንተ ምድጃ አፍራሽ፣ ስለ ሙቀት አትንገረኝ።»

ከሰላሳ ዓመት በላይ ሳቅኩባት። ረቡዕ ከምሳ በኋላ ጀርባዬን አመመኝና ትራሱን ማይክሮዌቩ ውስጥ አስገባሁ። ውሃ አላስቀመጥኩም፣ ቁልፉንም አሥር ደቂቃ ላይ አዞርኩት። የማረር ሽታ ሲመጣ የማይክሮዌቩን በር ከፈትኩ። መክፈት አልነበረብኝም። ትራሱ ጠቆር ብሎ ይጨስ ነበር እንጂ ነበልባል አልነበረውም፤ አየር ሲያገኝ ግን ቦግ ብሎ ፊቴን ላፈኝ። ቀጥሎ መጋረጃው ተያያዘ። ኩኒ ጭሱን አይታ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞችን ጠራች።

አዛዡ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ኤርሃርድ ነው። ነገሩ ሲበርድ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። «ጋሼ ኦትማር፣ ዘሩ በየዓመቱ እየደረቀ ነው የሚሄደው። እርጥበት ሲያጣ ከውስጥ ይከስላል፣ ከላይ አይታይዎትም። ውሃው እኮ ሙቀቱን ይጋራው ነበር። ሌላ ጊዜ በሩን እንደተዘጋ ይተዉትና ሶኬቱን ይንቀሉ።»

እናትሽ ይህን ከማን እንደሰማችው አላውቅም። ይጠማቸዋል ከማለት በቀር ነግራኝ አታውቅም፣ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ናፍቃኛለች ልጄ።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን ላጥፈው ስል ኩኒ ሾርባ ይዛልኝ መጣች።

«ነገርካት?»

«ነገርኳት።»

«ሁሉንም?»

«የሚበቃትን ያህል።»

«ኦትማር፣ ወይ አንተ ጻፈው፣ ወይ እኔ እደውላለሁ።»

ኩኒን ታውቂያታለሽ፣ ካለች ትደውላለች።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ጀርባዬን አላመመኝም። ትራሱን ያሞቅኩት ለእናትሽ እግር ነው። ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል እግሯን ይበርዳት አልነበር? ካረፈች ሁለት ዓመት እንደሆናት አውቃለሁ፤ እሁድ እሁድ መቃብሯ ላይ ያለውን አበባ የምኮተኩተው እኔው ነኝ። ረቡዕ ግን አላወቅኩም። አሥር ደቂቃ ያደረግኩትም ዛሬስ በጣም በርዷታል ብዬ ነው።

ደጅ ቆሜ ሳለሁ ከጎረቤት መንደር የመጣች አንዲት እሳት አጥፊ፣ «አባባ፣ ውስጥ ሰው አለ?» አለችኝ። «ባለቤቴ ፎቅ ላይ ተኝታለች» አልኳት። ጭምብሏን አጥልቃ ገባች። ኤርሃርድ በጓሮ በኩል ስለነበር አልሰማም። ልጅቷ በዚያ ጭስ ውስጥ ክፍል ለክፍል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ሳይቀር እናትሽን ስትፈልግ ቆየች፤ ኩኒ ደርሳ «ማንም የለም፣ ውጪ!» ብላ እስክትጮህ ድረስ። ወጥታ ጭምብሏን አወለቀች። አልተቆጣችኝም። አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። ገና የሃያ ዓመት ልጅ ናት። አንድ ነገር ሆና ቢሆንስ እያልኩ ከረቡዕ ጀምሮ ምግብ አልወርድ ብሎኛል።

እና አነግሬት፣ ጥፋቱ የአለማወቅ ነው ያልኩሽን ተዪው። ቃሌ ቃል ነው። ለገና መጥተሽ ውሰጂኝ። ማሳውን ለኤርሃርድ ስጪው፤ ዛፎቹን መግረዝ ያውቅበታል።

እግዚአብሔር ቤትሽን ይጠብቅልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ የእናትሽ ጸሎት አይለይሽ። ክፍል አዘጋጅልሃለሁ ብለሽኝ ነበር። አንድ ሰው የሚያስተኛ አልጋ ይበቃኛል።

አባትሽ ኦትማር