ጭላንጭል የማያወጣው ድንኳን

ይድረስ ለማርሊስ፤ ደህና ነሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ የተቀየምኩት አንቺን ነው። የላክሽልኝን ብርማ መሸፈኛ በረዶው ላይ በተከልኩት የዓሣ ማጥመጃ ድንኳኔ ውስጥ ዙሪያውን ብሰፋው፣ በየግድግዳው የሚያፈጥብኝ የራሴ አፍንጫ ሆነ። ሙቀቱ ግን ግሩም ነው፤ በአንዲት ፋኖስ ውስጡ ቀትር ይመስላል። ወደ ውጭ ጭላንጭል እንኳ አያወጣም።

አባትሽ ግን ትናንት፣ «አርቪድ፣ ድንኳንህ ሲበራ ከቤት አየሁት። ሲግኔ ውስጥ ተቀምጣለች» አለኝ።

እናትሽን ሲግኔን በመከር ከቀበርን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መቀለዱ ነው ብዬ፣ «ዓሣ ከያዘች ድርሻዬን እንዳትረሳ» አልኩት። እሱ አልሳቀም።

በረዶው መሳሳት ጀምሯል። ለፋሲካ እመጣለሁ ያልሽውን አሁን አድርጊው፤ ዓሣው አይጠብቅም።

ቆይ፣ የድንኳኑን በር የሚቧጭር አለ።

አባትሽ ነው፤ በቤት ጫማ፣ የእናትሽን ካፖርት ታቅፎ። «ለማርሊስ ነው የምትጽፈው? እናቷም ሰላም ብላታለች በልልኝ» ይላል።

አጎትሽ አርቪድ