የቆየው ማውጫ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለጩጬዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደህና ስላልሆንን ተውኩት። አድራሻሽን የሰጠችኝ አክስትሽ ናት፣ ያውም ስንቴ ለምኛት። ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ እንደምታጥፊ፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ዓይንሽ ማየት እንደማይፈልግ ነገረችኝ። አንቺን የመሰለች ፕሮግራም ጸሐፊ አንሶላ ታጥፍ? ለዚህ ያበቃሁሽ እኔ ነኝ፤ ደብዳቤውም ስለዚሁ ነው።

አሳባቂዋን ታስታውሻታለሽ? ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዝ ጽፈን የምናስነሳትን፣ አንቺ ስም ያወጣሽላትን መሣሪያ? ከፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ስም ስንሰጣት ማን እንደፈጠረው፣ ማን እንደጠራው፣ ማን እንደነካካው ከነፋይሉ ከነመስመር ቁጥሩ ትዘረግፈዋለች። "የቢሯችን ጥበቃ እንኳ እንዲህ አያሳብቅም" እያልሽ ትስቂ ነበር። ታዲያ እሷ በጠየቅናት ቁጥር ኮዱን አታነብም። አስቀድማ ሁሉንም አንብባ ማውጫ ታዘጋጃለች፤ ከዚያ በኋላ የምትመልሰው ከማውጫው ነው። በአሮጌው ማሽናችን ማውጫውን ማደስ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ስለዚህ ከትእዛዙ ጫፍ አንዲት ፊደል ጨምሬ፣ ማውጫውን አትንኪ፣ ባለው መልሺ እላት ነበር። ላንቺም እንደ ትልቅ ሙያ ያስተማርኩሽ ይህንኑ ነው።

የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ፕሮግራም መጠኑን እጥፍ አድርጎ አውጥቶ ያቺ ሴትዮ የሞተች ጊዜ፣ "መጠን" የሚለውን ስም ለአሳባቂዋ የሰጠኋት እኔ ነበርኩ። በሁለት የሚያባዛ አንድ መስመር ብቻ አወጣች። ያንቺን፣ 212ኛውን። ቸኩዬ ነበር። አትሜ፣ ፈርሜ ለያኔው አለቃችን ሰጠሁት። "የእሷ መስመር ሁለት ጊዜ ሠርቷል ማለት ነው" አለ። አንቺ ወረቀቱን ተቀብለሽ ደጋግመሽ አየሽው።

"እኔ አንዴ ነው ያባዛሁት፣ አባዬ" አልሽኝ።

"ታዲያ ሌላው ከየት መጣ?"

"እንጃ። አሳባቂዋ እንደሆነች አትዋሽም" ብለሽ ቦርሳሽን አነሳሽ።

የሴትዮዋ ቀብር ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመሽ ነበር። በወሩ ሄድሽ። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ።

ሰሞኑን ፕሮግራሙ በሌላ ሊተካ ነው። ከጡረታ በፊት የመጨረሻ ሥራዬ የትኛው ስም የት እንዳለ ለአዲሶቹ ሰዎች መዘርዘር ሆነና አዲስ ማሽን ሰጡኝ። የቆየ ማውጫ ስለሌለው አሳባቂዋ ሁሉንም ከዜሮ አነበበች፤ አራት ሰከንድ እንኳ አልፈጀባትም። መጀመሪያ የጻፍኩላት ያንኑ ስም ነው። ሁለት መስመር መጣ። አንዱ ያንቺ ነው። ሌላው የኔ ፋይል ውስጥ ያለ፣ ሴትዮዋ ከመሞቷ ሦስት ሳምንት ቀደም ብዬ የጨመርኩት። ቀኑን ከአሮጌው ማሽን ከተቀመጠው ቅጂ ጋር አመሳከርኩ። ያኔ የጠየቅኩበት ማውጫ ሁለት ወር ያለፈው ነበር፤ የኔን መስመር አያውቀውም። ያንቺ መስመር ትክክል ነበር፤ መጠኑ አንዴ መባዛት ነበረበት፣ ሁለተኛውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። አንቺ ማንንም አልገደልሽም፣ ልጄ።

ወረቀቱን ይዤ አዲሱ አለቃ ዘንድ ገባሁ። ያንቺ እኩያ ነው። "ጋሼ፣ እሱ ጉዳይ እኮ ተዘግቷል። ፕሮግራሙም በወሩ መጨረሻ ይጠፋል። አሁን ማን ይጠቀማል?" አለኝ፣ በትህትና። የሴትዮዋን ባል ፈለግኩ። ቤቱን ለቆ ሄዷል፣ ወዴት እንደሆነ ጎረቤቶቹም አያውቁም። ወረቀቱን የሚቀበለኝ ሰው አጣሁ።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ስነግራት ተነስታ ያንቺ ክፍል ገባችና ከውስጥ ቆለፈች። ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ምግብ በሩ ሥር አስቀምጥላታለሁ፤ ኮቴዬ ካልራቀ አትከፍትም።

ነይ አልልሽም፤ ወደ ምን ትመጫለሽ? ይቅር በይኝ ለማለትም አፍ የለኝም። የዝርዝሩን ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ ሁለቱም መስመሮች ይታያሉ። ሌላ የምሰጥሽ ነገር የለኝም።

አንድ ነገር ግን ላርም። ከላይ ቸኩዬ ነበር ብዬሻለሁ። ያን ቀን ዝርዝሩ የወጣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ለአለቃው የሰጠሁት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። በመሃሉ ሦስት ሰዓት ሙሉ ማውጫውን ላድሰው አላድሰው እያልኩ እጄን ኪቦርዱ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። ማደሻው አሥራ አንድ ደቂቃ ብቻ ነበር የሚፈልገው።

እጅሽ አይዛልብሽ። እንቅልፍሽ ይመለስልሽ። የኔን ሸክም ካንቺ ትከሻ ላይ ያውርድልሽ።

የፈረመው፣
አባትሽ